ነጅድ የት ነው?



በሲራ መጻሕፍት «የነጅድ ሰዎች» የሚለውን ስም ደጋግመን እናገኘዋለን። በዛሬ ካርታ ላይ ግን ነጅድ የሚባል አገር የለም። አንዳንዶቻችንም መካና መዲና ካሉበት ከሒጃዝ ጋር እንቀላቅለዋለን።

ነጅድ ማለት በዐረብኛ ከፍ ያለ ምድር ማለት ነው። በዐረቢያ ልሳነ ምድር መካከል የተዘረጋ ደረቅ ከፍተኛ ሜዳ ሲሆን፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እያዘቀዘቀ ይሄዳል። ሒጃዝ የሚለው ስም ደግሞ ከመለየትና ከመጋረድ የመጣ ነው፤ ተራሮቹ ቲሃማ የተባለውን የቀይ ባሕር ዳርቻ ቆላ ከነጅድ ይለያሉና። ስለዚህ ነጅድ የሒጃዝ ክፍል ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። ሪያድ የምትገኘውም በነጅድ ነው። የንጉሥ ዐብዱል ዐዚዝ መንግሥት በ1932 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ዐረቢያ ከመባሉ በፊት በስሙ ሁለቱን ለይቶ «የሒጃዝና የነጅድ» ይባል ነበር።

ይህን ማወቁ ምን ይጠቅመናል? ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለነጅድ ሰዎች ሚቃት ያደረጉት ቀርን አል-መናዚልን ነው። ሚቃቱ ለአገሬው ብቻ ሳይሆን ለሐጅ ወይም ለዑምራ በዚያ ለሚያልፍ ሁሉ ነው። በሪያድ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በጣኢፍ መንገድ ለዑምራ ሲሄዱ፣ ዛሬ አስ-ሰይል አል-ከቢር በሚባለው በዚሁ ስፍራ ኢሕራም ያደርጋሉ። «መካ ስንደርስ እናደርጋለን» ያለ ግን ሚቃቱን አልፎታል።

ከካርታ የጠፋው ስም ከዒባዳችን አልጠፋም። ወላሁ አዕለም።