ፍልፈል አደን

«ፍልፈል ሰላይ» የምንለው በባላንጣ አገር የስለላ ድርጅት ተመልምሎ፣ በሚሰልልበት መሥሪያ ቤት ግን ታማኝ ባልደረባ ተብሎ ለዓመታት ደመወዝ የሚበላን ሰው ነው። እንግሊዝኛው «ሞል» ይለዋል፤ እንዳለ እንዳንወስደው ሞል በከተሞቻችን የገበያ ማዕከል ስም ሆኗል። «ሰርጎ ገብ»ም አይመጥነውም። ሰርጎ ገብ ከውጭ ሾልኮ የሚገባ ነው፤ ይኼኛው ቀድሞውንም የቤቱ ሰው ነው። ፍልፈልን ገበሬው የሚያውቀው ሥሩ የተበላው ሰብል ሲጠወልግ ስለሆነ ስሙ ልክ ይመጣል። ሰላዩን ፈልጎ የመያዙን ዘመቻ ደግሞ «ፍልፈል አደን» ልንለው እንችላለን። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የአሜሪካው የስለላ ድርጅት የሲአይኤ የፀረ ስለላ ኃላፊ ጄምስ አንግልተን ነበር። በ1961 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አናቶሊ ጎሊትሲን የተባለ የሶቪየት የስለላ ድርጅት የኬጂቢ መኮንን ከድቶ መጣና፣ ስሙ በ«ኬ» ፊደል የሚጀምር ፍልፈል ሲአይኤ ውስጥ አለ አለ። በ1963 ደግሞ የአንግልተን የቅርብ ወዳጅ የነበረው እንግሊዛዊው የስለላ መኮንን ኪም ፊልቢ ከቤሩት ጠፍቶ ሞስኮ ገባ፤ ለካ የሶቪየት ፍልፈል ኖሯል። ከዚያ ወዲያ አንግልተን ማንን ይመን? ስማቸው በዚያ ፊደል የሚጀምር፣ ሩሲያኛ የሚችሉ መኮንኖች ምክንያቱ ሳይነገራቸው ከሥራና ከዕድገት ተገፉ።

በ1964 የከዳው ሌላው የኬጂቢ መኮንን ዩሪ ኖሴንኮ የባሰ ገጠመው። ሐሰተኛ ከጂ ነው ተብሎ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ከሦስት ዓመት በላይ ታሰረ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ቨርጂኒያ ውስጥ ለእሱ በተሠራ መስኮት አልባ የኮንክሪት ክፍል ነው። ከልብሱ ክር እየመዘዘ የቼዝ ጠጠር፣ ከልብሱ ብናኝ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ሠራ። ጠባቂዎቹ ወሰዱበት። በመጨረሻ እውነተኛ ከጂ መሆኑ ታምኖበት ሲአይኤ ራሱ አማካሪ አድርጎ ቀጠረው።

ሶቪየት ኅብረት ውስጥ አደኑ ቀደም ብሎ መላውን ሕዝብ አዳርሶ ነበር። በ1937 እና 1938 ብቻ ከ680 ሺህ በላይ ሰዎች ተረሽነዋል፤ ከእነሱም በርካቶች የውጭ ሰላይ ተብለው ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ አሜሪካ ውስጥ የአገሪቱ ምክር ቤት በ1980 ባወጣው ሕግ ከተገፉት መኮንኖች አንዳንዶቹ ካሳ አገኙ፤ ለተረሸኑት ግን ሕይወታቸውን የሚመልስ ካሳ አልነበረም።

አንግልተን አንድም ፍልፈል ሳይዝ በ1974 ከሥራ ተሰናበተ። መሥሪያ ቤቱም በአደኑ በመማረሩ የራሱን ሰው መጠርጠር አስጠላው። የሲአይኤው መኮንን አልድሪች ኤምስ በ1985 ዋሽንግተን ወደሚገኘው የሶቪየት ኤምባሲ በእግሩ ገብቶ ምሥጢር መሸጥ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። በ540 ሺህ ዶላር ቤት በጥሬ ገንዘብ ሲገዛ እንኳ አጥብቆ የጠየቀው አልነበረም። በ1994 እስኪያዝ ድረስ፣ ለአሜሪካ ይሠሩ ከነበሩ የሶቪየት ሰዎች በሱ ጥቆማ የተገደሉት ቢያንስ 10 ናቸው።