ማን ይዘምታል? ሌጌዎንና ገዳ

በአውግስጦስ ዘመን የሮማ የመቶ አለቃ በእውነቱ 80 ያህል ወታደሮችን ያዝዝ ነበር፤ 6 እንዲህ ያሉ ጭፍሮች አንድ ኮሆርት፣ 10 ኮሆርቶች አንድ ሌጌዎን ይሆኑ ነበር። ከቁጥሩ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ‹የሚዘምተው ማን ነው?› የሚለው ነው። ጦሩ ደመወዝተኛና ቋሚ ሲሆን አብዛኛው ዜጋ ከጦር ሜዳ ራቀ።

አባ ባሕርይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህንኑ በአገራችን ታዘቡ፤ ሕዝበ ክርስቲያኑን በ10 መደብ ከፍለው፣ የሚዋጋው አንዱ ብቻ መሆኑን የሽንፈት ምክንያት አድርገው ጻፉ። ድል ያደረገው የኦሮሞ ጦር ግን በገዳ የተደራጀ ነበር፤ እርከኑ በየ8 ዓመቱ ሲፈራረቅ ወንዶች ሁሉ ከነእኩዮቻቸው በተራቸው ይዘምቱ ነበር።

ዛሬም በተልተሌ የቦረና አረጋውያን ዘመንን በአባ ገዳዎች ስም ሲቆጥሩ፣ የዚያን ተራ መዝገብ የምንሰማ ይመስለኛል። የጦር አደረጃጀት የመከላከል ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ይናገራል።