መኮረጅ ነው ወይስ ማድረስ?

«ቲቸር፣ የሰው ዘፈን ወስዶ በፒያኖ መጫወት መኮረጅ አይደል እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ነበር። ደወል ተደወለና ሳልመልስለት ቀረሁ። እስቲ ዛሬ ልመልስ።

ፍራንዝ ሹበርት እ.ኤ.አ. በ1828 ቪየና ውስጥ ሲሞት ገና 31 ዓመቱ ነበር። ከ600 በላይ ዘፈኖች ደርሷል፤ ብዙዎቹ ግን ሳይታተሙ ነው የሞተው። ያኔ ሬዲዮ የለ፣ ሸክላ የለ! የሚዘፍነው ካላገኘ ዘፈን ወረቀት ላይ ተኝቶ ይቀራል።

በ1838 የዳኑብ ወንዝ ሞልቶ የፔስትን ከተማ አጥለቀለቀ። የሀንጋሪ ተወላጁ ፒያኒስት ፍራንዝ ሊስት ለተጎጂዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ ቪየና ሄዶ ኮንሰርት አቀረበ። እዚያ ከተጫወታቸው መካከል ለፒያኖ ብቻ አድርጎ ያዘጋጃቸው የሹበርት ዘፈኖች ነበሩበት።

«ኤርልኮኒግ»ን ውሰዱ። ሹበርት በ18 ዓመቱ በጎተ ግጥም ላይ የደረሰው ነው። አባት ልጁን አቅፎ በሌሊት ፈረስ ይጋልባል፤ ልጁን ሊወስድ የሚያባብል መንፈስ ይከተላቸዋል። ተራኪ፣ አባት፣ ልጅ፣ መንፈስ፦ አራቱንም የሚዘፍነው አንድ ሰው ነው። ሊስት ዘፋኙን አስወጣና አራቱንም ከፈረሱ ኮቴ ጋር ለ10 ጣት ሰጠ። ቃል የለም፤ የልጁ ጩኸት ግን ይሰማል።

ደግሞ ግጥሙ ከኖታው ጋር እንዲታተም ይፈልግ ነበር፤ ተጫዋቹ ጣቱ ምን እያለ እንደሆነ እንዲያውቅ። የሹበርትንም ስም ከሽፋኑ አልፋቀም።

የሚኮርጅ ሰው ባለቤቱን ይደብቃል። ሊስት ግን የሞተ ሰው ዘፈን ተሸክሞ አገር ላገር ዞረ። መልሴ ይሄ ነው ልጄ፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ።