ዓሣ ልናጠምድ ደቅ ሄደን

ባለፈው የዕረፍት ሰሞን ስምንት ሆነን ጣና ላይ ደቅ ደሴት ሄድንና ሦስት ሌሊት በድንኳን አደርን። መንጠቆ፣ ድስትና በርበሬ ይዘናል፤ ጨው ረስተናል። ዓሣ አጥማጅነታችሁ እንዴት ነው ለሚል፣ በሦስት ቀን አራት ቀረሶና አንድ አምባዛ። አምባዛውንም የደሴቲቱ ሰዎች «ቅርፊት የለው፣ እኛ አንበላውም» ስላሉ ብቻችንን ጨረስነው።

የምጽፈው ግን ስለ ዓሣው አይደለም። ከደቅ አጠገብ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ። የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም እዚያ እንደሚገኝ ሁላችንም ተምረናል። ሴት ጓደኞቻችን ዳጋ መውጣት ስለማይፈቀድላቸው ጀልባው ላይ ቀሩ (በዚህ የተነሣው ክርክር እስካሁን አላበቃም)። እኛ ስንመለስ አንዷ፣ «እሺ፣ ነገሥታቱን አያችሁ። ለመሆኑ ይኼን ሁሉ ሬሳ ውኃውን ማን አሻገረው?» አለችን። ከሁለት የታሪክ ተማሪዎች አንዳችንም መልስ አልነበረንም።

የቀዛፊዎቹን ስም ባናውቅም ታንኳውን እናውቀዋለን። ሞተር ሳይመጣ ጣናን የሚሻገሩት በደንገል ታንኳ ነው። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ውኃ ስለሚመጥ ከጉዞ በኋላ ተጎትቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል። በዚህ ሥራ፣ በዓሣና ከሁሉም በላይ በጉማሬ አደን የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ጉማሬ በመብላታቸው ክርስቲያኑ ተጸየፋቸው፤ እስላም ነን ቢሉም ሌላው እስላም እንደራሱ አልቆጠራቸውም። ከጉማሬው ቆዳ የሚሠራውን አለንጋ ግን የተጸየፈ አልተሰማም!

ወይጦዎች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ቋንቋቸው ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ ነው ብሎ ጽፏል። ሊማረውም ፈልጎ ንጉሡን አስለምኖ ሁለት ወይጦዎች አስመጣ። ሰዎቹ ለጥያቄው መልስ አልሰጡም፤ ትሰቀላላችሁ ተብለው ሲያስፈራሯቸው እንኳ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ጓደኛዬ «ጥያቄው ስላልገባቸው ነው» ይላል። ብሩስም እንደሱ ሳይመስለው አልቀረም። እኔ ግን አይመስለኝም። ቤተ መንግሥት ተጎትቶ የመጣ፣ ገመድ የሚያሳዩት ሰው ቋንቋውን ለምን ይሰጣል?

እ.ኤ.አ. በ1907 ስለነሱ የጻፈው ጀርመናዊው ሚትቮህ የሚናገሩት አማርኛ ነው ብሏል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮልም በ1928 ያገኘው ያንኑ ነው። ነገር ግን አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋ ዘፈን ዘፈነለት። ትርጉሙን ቢጠይቀው ዘፋኙ ራሱ አያውቀውም! የቀሩት ጥቂት ቃላት የጉማሬ የአካል ክፍሎች ስሞች ብቻ ነበሩ። ዘፈኑንም ግሪዮል ሳይጽፈው ቀረ። ይኼን ሳነብ እንዴት እንደተናደድኩ! ደብተርና እርሳስ ይዞ ከዚያ ድረስ ሄዶ! በ1939 ደግሞ ማርሴል ኮኸን፣ የወይጦ አማርኛ ባዕድ እንዳይሰማው ሆን ተብሎ የተጣመሙ ቃላት እንዳሉት ጻፈ። ጓደኛዬ ሆይ፣ ይኼስ?

የእጅ ሥራውም ዕድሜው እያጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማስገር ሲጀመር፣ በታንኳ ዳር ዳሩን የሚያጠምደው ሰው ከኋላ ቀረ።

ስንመለስ ባሕር ዳር ዳርቻው ላይ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሲያስሩ አገኘናቸው። ተጠግቼ፣ «አባባ፣ ከጥንቱ ቋንቋችሁ አንድ ቃል እንኳ ያውቃሉ?» አልኳቸው። ቀና ብለውም አላዩኝ።

«የመጣ ሁሉ እሱን ይጠይቃል» አሉ። «ደንገሉ ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም። ዱሮ እዚህ ቆመህ ውኃው አይታይህም ነበር፣ ደንገል ብቻ። ይልቅ ያቺን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዝኩላቸው።