አስታማሚነትና እናትነት

«ነርስ» የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ ትርጓሜውም መመገብና ማሳደግ ነው። በጥንት ጊዜ በዚህ ስም የምትጠራው የሰው ልጅ የምታጠባ ሴት ነበረች። በአገራችን ግን ነርሷን «ሲስተር» እንላታለን፤ ይኸውም እኅት ማለት ሲሆን፥ በአውሮፓ ሕመምተኛ ያስታምሙ ከነበሩት መነኮሳይያት የተወረሰ የማዕርግ ስም ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት በአንደኛው ስሟ አጥቢ፥ በሁለተኛው ስሟ መነኵሲት ሆነች ማለት ነው። የሙያውን ታሪክ ስንመረምር ለረጅም ዘመን ያሸነፈው ሁለተኛው ስም ሆኖ እናገኘዋለን።

በ1860 (የውጭውን ዘመን እንደ አውሮፓ፥ የአገራችንን እንደ ራሳችን አቈጣጠር እንጽፋለን) በለንደን ከተማ በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የፍሎረንስ ናይቲንጌል ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 15 ነበሩ፤ ለአንድ ዓመት ይሠለጥኑ ነበር። ተማሪዋ ያላገባች ወይም ባል የሞተባት እንድትሆን፥ መኖሪያዋም በሐኪም ቤቱ ውስጥ እንዲሆን ተደነገገ። ይህን ሥርዓት በችኰላ ልንነቅፈው አይገባንም። በዚያን ጊዜ የአስታማሚነት ሥራ የተናቀ ስለ ነበር፥ ጨዋ ወላጆች ልጃቸውን አምነው እንዲሰጡ ቤቱ እንደ ገዳም መጠበቅ ነበረበት። ነገር ግን ምክንያቱ አልፎ ደንቡ ቀረ። ሙያው ከተከበረ በኋላም በብዙ ሐኪም ቤቶች ያገባች ተማሪ ትሰናበት ነበር። ያረገዘችማ ሳይነገራት ዕቃዋን ትሸክፍ ነበር። የሌላውን ሴት ልጅ ለመቀበል ሌሊቱን የምትቆም ሠራተኛ የራሷን በወለደች ጊዜ ከደጅ መቅረቷ የሚያስገርም ነው።

ይህን ደንብ የሻረው ርኅራኄ ሳይሆን የሰው እጥረት ነው ብለን እናምናለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሐኪም ቤቱ በቍስለኛ ሲሞላ፥ ትዳር ይዘው ሥራ የተዉት አስታማሚዎች ተመልሰው ተጠሩ። በ1946 የእንግሊዝ መንግሥት ሴት ባገባች ጊዜ ከአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶቹ የምትወጣበትን ደንብ ሰረዘ። በ1948 የሕዝቡ የጤና አገልግሎት በተቋቋመ ጊዜም ያለ ባለትዳሮች መሥራት እንደማይቻል ታውቆ ነበር።

በዚያው አገር በስደት ሳሉ የሠለጠኑት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሐኪም ቤት ተምረው በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት አስታማሚነት ማዕርግ አገኙ፤ በጋይስ ሐኪም ቤትም ሥልጠናቸውን ቀጥለው ነበር። ጠላት ከተባረረ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በሙያቸው ያገለግሉ ጀመር። በ1934 ዓ.ም. አቢይ አበበን አግብተው ወደ ወለጋ ሄዱ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፥ ገና 23 ዓመት ሳይሞላቸው፥ ከእርግዝና በመጣ ሕመም በለቀምት ዐረፉ። ሌላውን ለማዳን የተማሩት እጆች ለራሳቸው አልደረሱም። በስማቸው በአዲስ አበባ መታሰቢያ ሐኪም ቤት ተሠራ፤ በውስጡም ነርሶች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮም የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የማኅበረሰብ ነርሶችን እያስተማረ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ጀመር።

ለሠራተኛይቱ ነገሩ ዛሬ ተሻሽሏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ እንድታርፍ ይፈቅዳል፤ ነፍሰ ጡሯን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትንም ይከለክላል። የሌሊት ተረኛነት ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህች አንቀጽ ትንሽ አይደለችም።

ነገር ግን ዕረፍቱ የተደነገገው ለሠራተኛ ነው። ለነርስነት የምትማረዋ ልጅ ዕድሜዋ የጋብቻና የወሊድ ዕድሜ ነው፤ የመጨረሻው ፈተናና የመውለጃዋ ወር አንድ ላይ ቢመጡ፥ ስንት ቀን እንደምታርፍና መቼ እንደምትመለስ የሚወሰነው በየትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። ለተግባር ልምምድ ወደ ክፍሉ ስትገባም እንደ ባልደረባዋ ሕመምተኛ ታነሣለች፥ አልጋ ታነጥፋለች፥ ቆማ ታድራለች፤ ስሟ ግን በደመወዝ መዝገብ ላይ የለም።