የእርግና ድካምና የወንድ ሆርሞን፤ ምልክትን የመለየት ታሪክ

ንጉሥ ዳዊት በሸመገለ ጊዜ ልብስ ቢደርቡለት ሊሞቀው እንዳልቻለ፣ ሱነማዪቱ አቢሳም ልታገለግለው ብትገባ እንዳላወቃት በመጽሐፈ ነገሥት ያነበበ ሁሉ፣ የወንድ ኃይል ከዕድሜ ጋር መድከሙ ከጥንታውያን ያልተሰወረ ነገር እንደ ነበረ ይረዳል። የአገራችን ባላገርም ወይፈኑን ቀጥቅጦ ሰንጋ፣ ፍየሉን ቀጥቅጦ ሙክት ሲያደርግ፣ የዘር ፍሬው ኃይል በተቋረጠ ጊዜ የእንስሳው ጠባይ እንደሚበርድና ሥጋው እንደሚሰባ ከአባቶቹ ተምሮ ያውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ኃይል ምን እንደ ሆነ፣ ይልቁንም በአረጋዊ ላይ ከሚታየው ድካም የትኛው ከዚህ ኃይል መጉደል፣ የትኛውስ ከሌላ ደዌ ወይም ከኀዘን እንደሚመጣ ለመለየት ረጅም ዘመን ፈጅቷል፤ የዘገየበትም ምክንያት የሰው ልጅ ምልክቱን ከመመርመር አስቀድሞ መድኃኒቱን ስለ ተመኘ ነው።

የምርመራው በር የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1849 ዓ.ም. ነው። በጀርመን አገር በጎቲንገን ከተማ ያስተምር የነበረው ሊቅ አርኖልድ በርቶልድ የ6 ወጣት አውራ ዶሮዎችን የዘር ፍሬ አውጥቶ፣ ለአንዳንዶቹ መልሶ በሆዳቸው ውስጥ ቢተክልላቸው፣ የተተከለላቸው እንደ ወትሮው የሚጮኹ፣ የሚዋጉና ሴት ዶሮ የሚከተሉ ሆኑ፤ ያልተተከለላቸው ግን በራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ኮስሶ፣ ጠብም ፍቅርም ትተው ቀሩ። ፍሬው ከቀድሞ ነርቩ ተለይቶ ሳለ ሥራውን አለማቋረጡን አይቶ፣ ኃይሉ በደም አማካይነት ወደ መላው አካል እንደሚደርስ ደመደመ።

ከዚህ በኋላ ግን ምኞት ዕውቀትን ቀደመ። በ1889 ዓ.ም. ዕድሜው 72 ዓመት የሆነው ታላቁ ሐኪም ሻርል ኤድዋር ብራውን ሴካር፣ ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ በገዛ ሰውነቱ ወግቶ፣ ጉልበቱ እንደ ታደሰ በፓሪስ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ተናገረ፤ ሆኖም ያ ኃይል፣ ዛሬ ሆርሞን የምንለው፣ በውሃ የሚሟሟ ባለመሆኑ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የነበረው እጅግ ኢምንት ነውና፣ ሽማግሌውን ያበረታው የገዛ ተስፋው ነበር። ከ1920 ጀምሮም ሰርዥ ቮሮኖፍ የተባለ ሐኪም የዝንጀሮ ፍሬ ቁራጭ በአረጋውያን ሰውነት ላይ እየሰፋ ዝናው ቢናኝም፣ የወጣትነት መመለስ ግን አልተፈጸመም።

በ1935 በአምስተርዳም የሊቁ ኤርንስት ላከር ባልደረቦች ከ100 ኪሎ ግራም ያህል የኮርማ ፍሬ 10 ሚሊ ግራም ንጹሕ ሆርሞን አውጥተው ቴስቶስተሮን አሉት፤ በዚያው ዓመትም ቡተናንትና ሩዚችካ የተባሉ ሊቃውንት በየበኩላቸው በቤተ ሙከራ ሠሩት። በ1944 ሄለርና ማየርስ የተባሉ ሐኪሞች፣ ድካምና የፈቃደ ሥጋ መቀዝቀዝ ያለባቸውን ወንዶች ሽንት መርምረው፣ በእውነት ሆርሞን የጎደላቸውን በመንፈስ ጭንቀት ከታመሙት ለዩ፤ መድኃኒቱም የፊተኞቹን ሲያድን ለኋለኞቹ አልጠቀመም።

በ2010 የወጣው፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 79 የሆኑ ከ3,000 በላይ አውሮፓውያን ወንዶችን የመረመረው ጥናትም ይህንኑ አጸና። ከሆርሞኑ ማነስ ጋር አጥብቀው የተያያዙት ሦስት ምልክቶች፣ የፈቃደ ሥጋ መቀነስ፣ የንጋት መነሣሣት መጥፋትና በሩካቤ ጊዜ የብልት አለመቆም ሲሆኑ፣ ምልክቱና በደም ውስጥ ያለው የሆርሞኑ ማነስ ተባብረው የተገኙባቸው ከመቶ 2 ያህል ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እነዚህ ምልክቶች በአንተ ወይም በአባትህ ላይ ቢታዩ፣ ሐኪም ፊት ቀርበህ መናገርን እንደ ነውር አትቍጠረው። ሆርሞኑ በንጋት ከፍ ብሎ በቀን ዝቅ ስለሚል፣ ደምህን በማለዳ ሳትበላ አስመርምር፤ ዝቅ ብሎ ቢገኝም በሌላ ቀን አስደግመው እንጂ፣ ምርመራ ሳይቀድም በገበያ የሚሸጠውን መድኃኒት አትውሰድ።