ከሃይድሮጂን ቦምብ በኋላ የመጡ እንግዶች

ከሆኖሉሉ ወደ ደቡብ የተነሳ አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ያህል ከሰማይና ከውሃ በቀር ምንም ሳያይ ይበርራል። ከዚያ ድንገት ከክንፉ ሥር ነጭ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ሰፊ ሜዳ ይገለጣል። ከላይ ሲታይ መሬት ይመስላል እንጂ አብዛኛው እስከ ጉልበት የሚደርስ የባሕር ውሃ ነው። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ረዘም ያለ ቱቦ ይዘዋል፤ በየቱቦው ውስጥ ተሰካክቶ የሚገጠም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አለ። እነዚህ ሰዎች ግማሽ ዓለም አቋርጠው የመጡት አንድ ዓሣ ለመያዝና ያንኑ ዓሣ መልሰው ለመልቀቅ ነው።

ቦታው የኪሪባቲ ሪፐብሊክ ግዛት የሆነው ክሪስማስ ደሴት ነው፤ በካርታ ላይ ኪሪቲማቲ ተብሎ ይጻፋል። በሕንድ ውቅያኖስ አውስትራሊያ የምታስተዳድረው ሌላ ክሪስማስ ደሴት ስላለ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። የፓስፊኩ 388 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የብስ አለው፤ ኮራል ከገነባቸው የቀለበት ደሴቶች መካከል በየብስ ስፋት የሚስተካከለው የለም። ነዋሪው ከ7 ሺህ ትንሽ ይበልጣል። ኪሪባቲ በ1995 መጀመሪያ የቀን መለያውን መስመር ወደ ምሥራቅ ከገፋች ወዲህ አዲስ ቀን ቀድሞ የሚገባው እዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ክሪስማስ ደሴት እኩለ ሌሊት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው ካፒቴን ጄምስ ኩክ ደሴቱን ያየው በ1777 የገና ዋዜማ ነበር፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ጥንት ፖሊኔዥያውያን ባሕረኞች አርፈውበት የነበረ ቢሆንም ኩክ ሲደርስ ሰው አልነበረበትም። ዲሴምበር 30 ቀን የፀሐይ ግርዶሽ ተመለከተ፤ መርከበኞቹ 300 ያህል የባሕር ኤሊዎች ያዙ፤ አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን ሸራቸውን ዘርግተው ወደ ሰሜን ሄዱ። ደሴቱን የረገጠ እንግዳ ሁሉ አንድ ነገር ጭኖ የመሄድ ልማዱ የሚጀምረው ከእነዚያ ኤሊዎች ነው።

ኮኮናት በብዛት የተከለበት ፈረንሳዊው ቄስ ኢማኑኤል ሩዥየ ነው። ከ1917 ጀምሮ ደሴቱን በኪራይ ይዞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዛፍ አስተከለ፤ ፍሬው ደርቆ ኮፕራ እየተባለ ለዘይት ይሸጥ ነበር። የደሴቱ ቀለበት የከበበው ባሕር፣ ማለትም ላጉኑ፣ ወደ ውቅያኖስ በሚከፈትበት በር አንዱ ዳር ቤቱን ሠርቶ ፓሪስ አለው፤ ማዶው ለንደን ተባለ። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ የነበረው ፖላንዳዊ የኖረበት መንደር ደግሞ ፖላንድ ሆነ። ለንደን ዛሬም ወደብና ዋና መንደር ናት። ከፓሪስ የቀረው ፍርስራሽ ብቻ ቢሆንም፣ ከፊቱ የተዘረጋው ነጭ የአሸዋ ሜዳ ስሙ በዓሣ አጥማጆች ዘንድ የታወቀ ነው።

ደሴቱ ምን ያህል ከዓለም የራቀ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። የሩዥየ እርሻ ኃላፊ የነበረው አሜሪካዊው ጆ ኢንግሊሽ በ1917 ከሁለት ወጣቶች ጋር እዚያው ቀረ። የኅዳር በሽታ ብለን የምናውቀው ወረርሽኝ ታሂቲን ሲመታ መርከብ መመላለስ አቆመ፤ ሦስቱ ሰዎች ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጠያቂ አላገኙም። በ1919 የእንግሊዙ አድሚራል ጆን ጄሊኮ መርከብ ብቅ ስትል ኢንግሊሽ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቃቱን አያውቅም ነበርና የመጡት ጀርመኖች መሰሉት። ሽጉጡን መዝዞ ሊያድነው በመጣው አድሚራል ላይ ደገነ። ነገሩ በማስረዳት በረደ፤ በደሴቱ ከፍ ያለው የአሸዋ ኮረብታ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ይህ ርቀት ነው በ1950ዎቹ ደሴቱን የእንግሊዝ ጦር ዒላማ ያደረገው። እንግሊዝ የሃይድሮጂን ቦምብ ለመሞከር ሰው የማይበዛበት ቦታ ስትፈልግ ክሪስማስ ደሴትን መረጠች፤ ግራፕል የተባለውን ዘመቻም በ1957 ከዚሁ ጀመረች። መጀመሪያ የፈነዱት ቦምቦች ከደሴቱ ራቅ ባለው በማልደን ደሴት አጠገብ ነበሩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን ግን ፍንዳታው ወደ ክሪስማስ ደሴት ራሱ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቁ ጫፍ መጣ። ኤፕሪል 28 ቀን 1958 የፈነዳው 3 ሜጋቶን ነበር፤ እንግሊዝ ከሞከረችው ሁሉ ከፍተኛው ነው። ወታደሮቹ ብዙዎቹ ገና ሃያ ዓመት ያልዘለሉ፣ በብሔራዊ ውትድርና የመጡ ልጆች ነበሩ። ጀርባቸውን ሰጥተው ዓይናቸውን በመዳፋቸው እንዲሸፍኑ ታዘዙ፤ ብርሃኑ ሲበራ የገዛ ጣቶቻቸውን አጥንት እንዳዩ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በኋላ መስክረዋል። በ1962 ተራው የአሜሪካኖች ሆነ። ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ባለው ጊዜ ብቻ በደሴቱ አካባቢ 24 ቦምቦች አፈነዱ።

ፍንዳታዎቹ በአየር ላይ ስለነበሩ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ የጨረር ልኬታዎች በአፈሩ ውስጥ አስጊ መጠን አላገኙም። በኮፕራ እርሻው ይሠሩ የነበሩት፣ ዛሬ የኪሪባቲ ክፍል ከሆኑት ከጊልበርት ደሴቶች የመጡ ሰዎች ግን ስለ ምርጫው የጠየቃቸው አልነበረም። ለአርበኞቹም የእንግሊዝ መንግሥት የመታሰቢያ ሜዳሊያ እንደሚሰጥ ያስታወቀው በ2022 ነው፤ ከመጀመሪያው ፍንዳታ 65 ዓመት በኋላ፣ አብዛኞቹ ካለፉ በኋላ። ይህን ያህል መዘግየቱ በምንም ምክንያት የሚታለፍ አይደለም።

ወታደሮቹ ጥለውት የሄዱት ሠፈር፣ መንገድና የአውሮፕላን ማረፊያ ሳይታሰብ ለሌላ እንግዳ ተዘጋጅቶ ቆየ። የዚያን እንግዳ አመጣጥ ለመረዳት ወደ ፍሎሪዳ መሻገር ያስፈልጋል።

በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ የቀዝቃዛ ወንዝ ጥበብ ነበር። መንጠቆ ላይ ላባና ጠጉር በክር እየታሰረ ነፍሳት እንዲመስል ይደረጋል፤ ዝንቡ ራሱ ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው በወፍራሙ ገመድ ክብደት ነው። ለትራውትና ለሳልመን የተፈጠረ ዘዴ ለባሕር ይሆናል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነበር። በ1939 በፍሎሪዳ ኢስላሞራዳ የሚኖረው የጀልባ መሪ ቢል ስሚዝ፣ ዛሬ ተሳፋሪዎቹ ግማሽ ዓለም አቋርጠው የሚመጡለትን ቦንፊሽ የተባለ ዓሣ ሆን ብሎ በዝንብ ያዘ፤ ለዚህ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ሚስቱ ቦኒም እንግዶችን እየመራች የምታሠግር ብርቱ አጥማጅ ነበረች። በ1947 ጸሐፊው ጆ ብሩክስ ከመሪው ከጂሚ ኦልብራይት ጋር ሆኖ በተመሳሳይ መንገድ ያዘና ወሬውን በጽሑፎቹ አሰራጨው። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ደግሞ በባሃማስ አንድሮስ ደሴት ካሊፎርኒያዊው ቦብ ናውሃይም ትንንሽ ዓሣዎችን የሚመስል ዝንብ ሠራ። ለዓይን የሚሆን ዶቃ ከፊቱ ስለታሰረበት መንጠቆው ተገልብጦ ይሰምጣል፤ አሸዋም ኮራልም አይይዘውም። ዝንቡ የተሰየመው በመሪው በቻርሊ ስሚዝ ስም ነው፤ ክሬዚ ቻርሊ ይባላል።

ክሪስማስ ደሴት ለዚህ ጨዋታ የተገኘው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኪሪባቲ ጁላይ 12 ቀን 1979 ነፃ ወጥታ ነበር፤ የምትሸጠው ኮፕራና የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ እንጂ ሌላ ብዙ ነገር አልነበራትም። አሜሪካውያን አጥማጆች መምጣት ሲጀምሩ ያረፉት በቀድሞው የእንግሊዝ ጦር ዋና ሠፈር ላይ በቆመው በካፒቴን ኩክ ሆቴል ነው።

ሥራው ከቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ዓሣው ከላጉኑ ጥልቅ ክፍል ተነስቶ ሸርጣንና ትል ፍለጋ ወደ አሸዋው ሜዳ ይወጣል። ቅርፊቱ እንደ መስተዋት የቆመበትን ስለሚያንጸባርቅ ነጭ አሸዋ ላይ ነጭ፣ አረንጓዴ ውሃ ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል። አዲስ ሰው የሚያየው ጥላውን ብቻ ነው፤ እሱንም ካየ። መሪው በቀስታ እየተራመደ ፊት ለፊቱን 12 ሰዓት አድርጎ አቅጣጫ ይናገራል፦ «10 ሰዓት፣ ወደ እኛ እየመጣ ነው፣ ወርውር»። ዝንቡ ከዓሣው ፊት አንድ ሁለት ሜትር ላይ ያርፋል፤ ይሰምጣል። «ሳብ፤ ቁም፤ ሳብ»። ዓሣው አፉን ወደ አሸዋው ሲደፋ ጅራቱ ከውሃ በላይ ብልጭ ይላል። ወንዝ የለመደ አጥማጅ እዚህ ላይ ዘንጉን ወደ ላይ ያነሳና ዓሣውን ያጣል፤ የሚያዋጣው ገመዱን በእጅ አጥብቆ መሳብ ነው። መንጠቆው የያዘው ቦንፊሽ በሰከንዶች ውስጥ መቶ ሜትር ገመድ ይዞ ይፈተለካል።

የመሪዎቹ ዓይን በትምህርት ቤት የተገኘ አይደለም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ለምግብ ሲያጠምዱ፣ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው። የሩቅ አገሩ ሰው ገንዘብ የሚከፍለው በዋናነት ለዚህ እውቀት ነው። መሪው ደህና ደመወዝ ማግኘቱ የደሴቱን ዓሣ ዕድል የሚወስን ነገር ነው፤ ምክንያቱም ቦንፊሽ በኪሪባቲ የስፖርት ዓሣ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ምግብም ነው፤ በአገሩ ቋንቋ ቴ ኢካሪ ይባላል።

ይህ ዓሣ ሊያልቅ እንደሚችል የአገሪቱ ዋና ከተማ ታራዋ በከባድ ዋጋ ተምራለች። ቦንፊሽ በጨረቃ ሙላት ሰሞን በብዙ ሺህ ተሰብስቦ ለመራባት ከላጉን ወደ ውቅያኖስ ይወጣል፤ መንገዱም ቀኑም የታወቀ ነው። በታራዋ ደሴቶቹን የሚያገናኙ የድንጋይ መንገዶች መተላለፊያውን ዘጉበት፤ የናይለን መረብ ደግሞ በቀረው በር ላይ ተጋረጠ። በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሰፈረው፣ ሽማግሌዎቹ ከሚያስታውሷቸው የመራቢያ ጉዞዎች ከአንዱ በቀር ሁሉም ጠፍተዋል። ታራዋ ውስጥ ቴ ኢካሪ ከዋነኞቹ ምግቦች አንዱ ነበርና፣ ጉዳቱ በቀጥታ ገበታ ላይ ደረሰ።

ከጊልበርት ደሴቶች በመንግሥት ሠፈራ የመጡ ቤተሰቦች እየበዙ በሄዱ ቁጥር ያው አደጋ ወደ ክሪስማስ ደሴት ይቀርባል። መረብ በአንዳንድ ሜዳዎች ተከልክሏል፤ ጥበቃው ግን ሰፊ ላጉን ላይ በጥቂት ሰው የሚሠራ ነው። ልጆቹን የሚመግብበት ሌላ መንገድ የሌለውን አባት «ለእንግዳ ተወው» ማለት አይቻልም። የመሪነቱ ገቢ ወደ ብዙ ቤቶች ሲገባ ግን በሕይወት ያለ ቦንፊሽ ደጋግሞ ይከፍላል፤ ዛሬ የተለቀቀው በሚቀጥለው ወር ለሌላ እንግዳ ይወጣል። ለዚህም ቢሆን አለቃቀቁ በጥንቃቄ መሆን አለበት። ዓሣው ከውሃ ውጭ ብዙ ከቆየና ከደከመ ሻርክ ሜዳው ጫፍ ላይ ይጠብቀዋል፤ ጠንቃቃ መሪዎች ፎቶግራፉን የሚያሳጥሩት ለዚህ ነው።

ገቢው ራሱ የተንጠለጠለው በሳምንት አንዴ በሚመጣ አውሮፕላን ላይ ነው። በረራው በተቋረጠ ቁጥር ሆቴሉም መሪውም ባዶ እጁን ይቀራል፤ በኮቪድ ዘመን ኪሪባቲ ድንበሯን ከሁለት ዓመት በላይ ስትዘጋ የሆነው ይኸው ነው። ባሕሩም የራሱ ፈተና አለው። በ1982 መጨረሻ ኤል ኒኞ ውሃውን ሲያሞቀው በሚሊዮን የሚቆጠሩ የባሕር ወፎች ጫጩቶቻቸውን ጥለው ከደሴቱ ሄዱ። በ2015 እና በ2016 የመጣው ሙቀት ደግሞ በዙሪያው ካለው ኮራል እጅግ የሚበዛውን ገደለ። የአሸዋውን ሜዳ ከውቅያኖሱ ማዕበል የሚከልለው ያ ኮራል ነው፤ እንደገና ለማደግ ዓመታት ስለሚፈልግ የሚቀጥለው ሙቀት መቼ ይመጣል የሚለው ጥያቄ ለሳይንቲስቶቹም፣ በለንደንና በፖላንድ መንደር ላሉት የዓሣ ማጥመድ መሪዎችም እኩል የሚያስጨንቅ ሆኗል።